የጊታር መጽሔቴ ለምን ቀዘቀዘብኝ? ደንበኝነቴን ላድስ ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ «ለ18 ዓመት የአንድ የጊታር መጽሔት ደንበኛ ነኝ። ቤቴ ውስጥ ከ200 በላይ እትሞች በካርቶን ተቀምጠዋል። ድሮ አዲሱ እትም ሲደርሰኝ ምግብም እንቅልፍም ትዝ አይለኝም ነበር። አሁን በአሥር ደቂቃ ገልጬ አስቀምጠዋለሁ። ልጄ ‹ሁሉም እኮ ዩቲዩብ ላይ አለ› ይለኛል። መጽሔቱ ነው የደከመው ወይስ እኔ? ደንበኝነቴን ላድስ? የድሮዎቹንስ ልጣላቸው?»

ምላሽ፦

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ደንበኝነቱን አያድሱ። ካርቶኖቹን ግን ቶሎ አይጣሉ። ምክንያቴን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎት።

ጊታር ማስተማር ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ከዚያ ውስጥ ብዙውን ሰዓት ያሳለፍኩት ዘፈን ደጋግሜ እየሰማሁ ለተማሪዎቼ ወረቀት ላይ በማስፈር ነው። እኔም ያደግኩት በመጽሔት ነው። ስለዚህ «አያድሱ» የሚለው ቃል ቀልሎኝ አልወጣም።

«መጽሔቱ ነው ወይስ እኔ?» ብለዋል። ሁለቱም ነው።

ከእርስዎ ልጀምር። ለጊታር መጽሔት በየወሩ አዲስ ጀማሪ አንባቢ ይመጣለታል። ለእሱ ሲባል ያው ትምህርት ልብስ እየለወጠ ይመላለሳል። የፔንታቶኒክ ስኬል አምስቱ አቀማመጦች፣ ባሬ ኮርድ፣ 12 ባር ብሉዝ፣ የቀኝ እጅ ፍጥነት። አዘጋጆቹን በዚህ አልወቅስም። ጀማሪውን ትተው የቆየውን ብቻ ቢያስተምሩ አንባቢ ያልቅባቸዋል። አንድ ሰው አራት አምስት ዓመት በትጋት ካነበበ ዙሩን ጨርሷል ማለት ነው። እርስዎ 18 ዓመት ቆይተዋል። ሦስት አራት ጊዜ ዞረውታል። በአሥር ደቂቃ ገልጠው የሚያስቀምጡት ስላወቁት ነው። በዚህ ራስዎን አይውቀሱ።

መጽሔቱ ደግሞ በእርግጥ ደክሟል። «ጊታር ፕሌየር» እ.ኤ.አ. በ1967 በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ሲጀመር ለጊታር ተጫዋች ተብሎ የሚታተም ነገር ብርቅ ነበር። (ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1980 «ጊታር ወርልድ» መጣ። በብሪታንያ በ1984 «ጊታሪስት»፣ በ1994 ደግሞ «ቶታል ጊታር» ተከተሉ። «ቶታል ጊታር» ልክ 30 ዓመት ሲሞላው በ2024 ተዘጋ። «ጊታር ፕሌየር»ም በዚያው ዓመት የወረቀት እትሙን አቁሞ ድረ ገጽ ብቻ ሆነ። ዜናውን ስሰማ የድሮ አስተማሪዬ የሞተ ያህል ነው የተሰማኝ።

ሰው ግን መጽሔት የሚገዛው ለምን ነበር? ብዙዎቻችን ለታብ ነበር። ቃለ ምልልሱም፣ ፎቶውም፣ የአዳዲስ ጊታሮች ግምገማውም ደስ ይላል። ሽፋኑ ላይ ግን መጀመሪያ የምንፈልገው «በዚህ ወር የትኛው ዘፈን ተጽፏል?» የሚለውን ነበር።

ለማያውቅ አንባቢ፣ ታብ ማለት ስድስት መስመር ነው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ክር ነው። ከላይ ያለው ቀጭኑ ክር፣ ከታች ያለው ወፍራሙ። መስመሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚይዙትን ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረት ዘንጎች የተከፈለውን ቦታ) ይነግርዎታል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኦታቪያኖ ፔትሩቺ የተባለው የቬኒስ አታሚ በ1507 ለሉት (ጊታር ለሚመስል የድሮ ባለክር መሣሪያ) ተጫዋቾች በዚሁ ዓይነት አጻጻፍ መጽሐፍ አትሟል።

ታብ ለምን እንዲህ እንደሚወደድ ለመረዳት አንድ ነገር ይሞክሩ። ጊታርዎን ያንሡና ቀጭኑን ክር ባዶውን ይምቱ። ያንኑ ድምፅ በሁለተኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ያገኙታል። በሦስተኛው ክር 9ኛ ላይ አለ። በአራተኛው 14ኛ፣ በአምስተኛው 19ኛ፣ 24 ፍሬት ያለው ጊታር ከሆነ ደግሞ በስድስተኛው ክር 24ኛ ላይ አለ። አንድ ድምፅ ስድስት ቦታ ማለት ነው። ኖታ ብቻ ቢሰጥዎት የትኛው ቦታ እንደሆነ አይነግርዎትም። ታብ ይነግርዎታል።

ያንን ቦታ የሚመርጠው ደግሞ ሰው ነው። ወፍራም ክር ላይ የተመታ ድምፅ ድፍን ይላል። ባዶ ክር ያንቃጭላል። ክሩ ተጎትቶ ከሆነ ባዶ ክር ሊሆን አይችልም። ጸሐፊው እነዚህን ፍንጮች እየለቀመ ነው ቦታውን የሚገምተው። በቴፕ ዘመን ሙዚቃውን ለማዝገም ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሱ ነበር። ያኔ ድምፁም አብሮ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፤ ያው ድምፅ በወፍራሙ ይሰማል ማለት ነው። ጥርት ያለው ሶሎ ጉርምርምታ ይሆናል። በዚያ ጉርምርምታ ውስጥ እያንዳንዷን ድምፅ ለቅሞ ማውጣት ለአንድ ዘፈን ቀናት ይፈልጋል። ከዚያ አዘጋጅ ያየዋል፤ ለዘፈኑ ባለመብትም ይከፈላል። እርስዎ በየወሩ የሚከፍሉት ለዚህ ጆሮ ነበር።

ይህን ገበያ የመታው ኢንተርኔት ነው፤ ከብዙዎች ግምት ቀድሞም ነው የጀመረው። ተጫዋቾች ታብ በነጻ የሚለዋወጡበት «ኦልጋ» የተባለ የኢንተርኔት ማከማቻ በ1992 ተጀመረ። በ2006 በሙዚቃ አሳታሚዎች የመብት ክስ ማስፈራሪያ ተዘጋ። እስከዚያ ግን ነገሩ አልቆ ነበር። «አልቲሜት ጊታር» በ1998 በሩሲያ ካሊኒንግራድ ተጀምሮ ስፋቱ ከየትኛውም መጽሔት በላይ ሆኗል። «ጊታር ፕሮ» የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ ታቡን እያጫወተ ያሳያል። መጽሔት በወር አምስት ዘፈን ሲሰጥ፣ እነዚህ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የፈለጉትን ዘፈን ይሰጣሉ። ብዙውን ጊዜ በነጻ። ከዚህ ጋር መወዳደር ለወረቀት የማይቻል ነበር።

እዚህ ላይ ግን ልጅዎ ያላየው ነገር አለ። ነጻው ታብ በብዛት በጽሑፍ ብቻ የተጻፈ ነው። ቁጥር እንጂ የድምፁ ርዝመት የለውም። የትኛው ድምፅ አጭር ነው? የትኛው ይዘገያል? ዘፈኑን አስቀድመው በቃልዎ ካላወቁት ምንም አይገባዎትም። የመጽሔቱ ታብ ከላዩ ኖታ ነበረው። ዓይናችን ታቡን ሲከተል ሳናስበው የኖታውን ምት እንለምድ ነበር። ዛሬ ከሚመጡልኝ ተማሪዎች ብዙዎቹ ጣታቸው ከእኔ የያኔ ጣት ይፈጥናል። አንድ መስመር ምት ቆጥረው እንዲያነቡ ስሰጣቸው ግን ይቸገራሉ። የሚጎድላቸው ያ በየወሩ ሳይታወቅ ይመጣ የነበረው ልምምድ ይመስለኛል።

መጽሔቱም ቢሆን ይሳሳት ነበር። በወጣትነቴ አንድ ሶሎ ከመጽሔት ላይ ሦስት ወር አጠናሁ። አንዷ ሐረግ ፈጽሞ እምቢ አለችኝ። ጣቴ አጭር ነው ብዬ ደመደምኩ። ሶሎውን ያለዚያች ሐረግ ስጫወት ዓመታት አለፉ። በኋላ ተጫዋቹ ራሱ ሲጫወት የሚያሳይ ቪዲዮ አገኘሁ። እጁ ያለው መጽሔቱ ከጻፈው ቦታ አምስት ፍሬት ወደ ጊታሩ ራስ ቀርቦ፣ ጎረቤት በሆነው ቀጭን ክር ላይ ነው። ድምፁ ያው ነው። ቦታው ግን ሌላ ነው። ጊታሬን አንሥቼ ሞከርኩት። በመጀመሪያው ሙከራ ወጣልኝ። የዚያን ቀን ደስታዬንም ንዴቴንም እስካሁን አልረሳውም።

ስለዚህ ቪዲዮን አላጣጥልም። ጊታር የእጅ ሥራ ነው። ክር ሲጎተት የእጅ አንጓ እንዴት እንደሚዞር፣ የማይፈለገውን ክር የትኛው ጣት ዝም እንደሚያሰኘው፣ መምቻው በምን ማዕዘን እንደሚያዝ በጽሑፍ ለማስረዳት ገጽ ይፈጃል። በቪዲዮ አምስት ሰከንድ ይበቃል። ዩቲዩብ ቪዲዮውን በግማሽ ፍጥነት ሲያጫውትልዎት ድምፁ አይወርድም። ያ የቴፕ ስቃይ በአንድ ቁልፍ ቀረ። ጀስቲን ሳንደርኮ የተባለው መምህር ከ2003 ጀምሮ በኢንተርኔት ላይ በነጻ ያስቀመጠው ትምህርት ቅደም ተከተል አለው። ጀማሪ ሲመጣብኝ ሳላመነታ ወደ እሱ እልካለሁ። በዚህ በኩል ልጅዎ ልክ ነው።

ግን መጽሔቱ ሌላም ነገር ይሰጠን ነበር። ማንም እንደ ጥቅም አልቆጠረውም፤ ማስታወቂያ ላይም ተጽፎ አላየሁም። መጽሔቱ ያልቃል። በውስጡ አምስት ዘፈን አለ። የሚቀጥለው እስኪመጣ 30 ቀን አለ። ሁለቱን ዘፈኖች ይወዷቸዋል። አንዱ ከአቅምዎ በላይ ነው። ሁለቱን ሰምተዋቸው አያውቁም። የሚወዷቸውን በሁለት ሳምንት ይጨርሷቸዋል። ከዚያስ? ሌላ የሚገለጥ የለም። ስለዚህ የማያውቁትን ይሞክራሉ።

እኔ ዜማና ኮርድ አንድ ላይ መጫወትን የተማርኩት እንዲህ ነው። መጽሔቱን የገዛሁት ለአንድ የሮክ ሶሎ ነበር። ሶሎው ሰለቸኝ። ከጀርባው ገጽ ላይ የጃዝ ኮርድ ትምህርት ነበር። ጃዝ አልወድም ነበር። የሚነበብ ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ብቻ ሞከርኩት። ዛሬ እንጀራዬ ከዚያ ገጽ ነው ማለት እችላለሁ። ዩቲዩብ ቢሆን ሶሎው ሲያልቅ ሌላ ሶሎ ያመጣልኝ ነበር። ከዚያ ሌላ። የምወደውን ስለሚያውቅ እዚያው ያቆየኝ ነበር።

ተማሪዎቼ ላይ በየሳምንቱ የማየው ችግር ይኸው ነው። የአርባ ዘፈን መግቢያ ይችላሉ። አንዱንም እስከ መጨረሻ አይችሉም። ሰነፎች አይደሉም፤ አንዳንዶቹ በቀን ሦስት ሰዓት ጊታር ይይዛሉ። ነገር ግን የሚቀጥለው ቪዲዮ ሁልጊዜ በአንድ ጣት ርቀት ላይ አለ። መጽሔት በቁጥሩ ማነስ ያስገድደን የነበረውን ትዕግሥት ዛሬ ማንም አያስገድዳቸውም።

ስለ ዕቃ ግምገማው በአጭሩ። ይህ ክፍል ጊዜው በእውነት አልፏል። ስለ ፔዳል (በእግር እየተጫኑ የጊታሩን ድምፅ የሚለውጡበት ዕቃ) ድምፅ በቃል ማንበብ ድሮም አያጠግብም ነበር። «ሞቅ ያለ ድምፅ» ማለት ለእኔና ለእርስዎ አንድ አይደለም። በዚያ ላይ መጽሔቱ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው። ከግምገማው ጎን ያው ጊታር በሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ይወጣል። ሁሉም ገምጋሚ ተገዝቷል አልልም። ብዙዎቹ ሐቀኛ ሰዎች ነበሩ። ግን «ይህን አትግዙ» የሚል ግምገማ ያነበብኩት እምብዛም ነው። የዛሬው ቪዲዮ ገምጋሚም ዕቃውን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከአምራቹ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ያው ይቀጥል። ደግሞ በስልክ ድምፅ አይፍረዱ። የወፍራሙ ክር ባዶ ድምፅ 82 ኸርዝ አካባቢ ነው። የስልክ ትንሽ ስፒከር እዚያ ድረስ በደንብ አይወርድም። ቢያንስ በጆሮ ማዳመጫ ይስሙ።

መጽሔቱ አዲስ ተጫዋች የማስተዋወቅ ሥራም ነበረው። ማይክ ቫርኒ በ1980ዎቹ መጀመሪያ «ጊታር ፕሌየር» ላይ ያልታወቁ ተጫዋቾችን የሚያስተዋውቅበት ዓምድ ነበረው። ስዊድናዊው ኢንግቬይ ማልምስቲን ካሴቱን ልኮ በአሜሪካ የታወቀው በዚያ ዓምድ በኩል ነው። ያ ሥራ ዛሬ ወደ ኢንተርኔት ተዛውሯል፤ በሩም ሰፍቷል። በዚህ አላዝንም። የማዝነው ለአዘጋጁ ነው። ካሴቶቹን ሁሉ ሰምቶ «ይህን ልጅ ስሙት» የሚል፣ በስሙ የሚፈርም ሰው ለቀረው።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? ደንበኝነቱ ይቅር። በገንዘቡ በዓመት ጥቂት ሰዓት ከጥሩ አስተማሪ ጋር ቢቀመጡ የበለጠ ያገኛሉ። እርስዎ በራስዎ ብዙ ተምረዋል። ከጎንዎ ተቀምጦ እጅዎን የሚያይልዎት ሰው ነው የሚጎድልዎት ብዬ እገምታለሁ። ከዚህ ምክሬ የማወጣው አንድ ዓይነት መጽሔት አለ። ጠባብ ጉዳይ ላይ የቆመ። ለምሳሌ በ1986 የተጀመረው «ቪንቴጅ ጊታር» ስለ አሮጌ ጊታሮች ይጽፋል። «አኩስቲክ ጊታር» ደግሞ በ1990 ተጀምሮ በስሙ እንደሚታወቀው በአኩስቲክ (ያለ ኤሌክትሪክ በሚጮኸው ጊታር) ላይ ያተኩራል። ፍቅርዎ እንዲህ ያለ ጥግ ውስጥ ከሆነ ያንን ይሞክሩ። ጠባቡ መጽሔት ለጀማሪ ሲል ዙሩን የመድገም ጫናው ያንሳል።

አሁን ወደ ካርቶኖቹ። ሸጬ ገንዘብ አገኛለሁ ብለው ከሆነ ተስፋውን ይቀንሱ። በብዛት የታተመና ብዙ ሰው ያስቀመጠው ነገር ዋጋ አያወጣም። ለየት የሚሉት በጣም የመጀመሪያዎቹ እትሞችና ከነሙሉ ገጻቸው ንጹሕ ሆነው የቆዩት ናቸው። የእርስዎ ስብስብ ዋጋው ለእርስዎና ለሚወርሰው ሰው ነው።

አንድ ቅዳሜ ይውሰዱና ለዩዋቸው። የዕቃ ዜናና የኮንሰርት ማስታወቂያ ብቻ ያለባቸው እትሞች ይሂዱ። ተከታታይ የትምህርት ዓምዶችን ያስቀሩ። በተለይ አንድ ጸሐፊ ለዓመት ለሁለት ዓመት የጻፋቸውን። በየወሩ ሲያነቧቸው ቁርጥራጭ ነበሩ። በተከታታይ ሲያነቧቸው መጽሐፍ ናቸው። እኔ አንዱን የሪትም ዓምድ 24 ወር ሙሉ ከየእትሙ ቀድቼ በአንድ ክላሰር አስቀምጫለሁ። እስካሁን የማስተምረው በእሱ ነው። ታቦቹንም ያስቀሩ። በተለይ ብዙ ሰው የማይጫወታቸውን ዘፈኖች። ታዋቂው ዘፈን ኢንተርኔት ላይ ሃያ ዓይነት ተጽፎ አለ። ያልታወቀው ግን ሰው ቀናት ፈጅቶ የጻፈለት እዚያ ካርቶን ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ማስታወቂያዎቹን ቀድደው አይጣሉ። ይህ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። አሮጌ ጊታር ሲገኝ የተሠራበትን ዓመት ማወቅ ከባድ ነው። ጊብሰን በ1960ዎቹ የተጠቀመባቸው ተከታታይ ቁጥሮች ብዙዎቹ ተደጋግመዋል። ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ያኔ የወጣ ማስታወቂያ ግን የጊታሩን ራስ ቅርጽ፣ የቁልፎቹን ዓይነት፣ የነበሩትን ቀለሞች ከነቀኑ ያሳያል። ለጠጋኝና ለሰብሳቢ ይህ ማስረጃ ነው። ስለዚህ የሚወገዱትን እትሞች እንኳ መጀመሪያ አሮጌ ጊታር ለሚጠግን ሰው ያሳዩ።

የቀሩትን መደርደሪያ ላይ አቁመው ያስቀምጧቸው። ደራርበው ካጋደሟቸው የታችኞቹ ጀርባ ይሰነጠቃል። ካርቶኑ ወለል ላይ ከሆነ እርጥበት ከታች ይገባል። የፀሐይ ብርሃንም አያግኛቸው። ፕላስቲክ ውስጥ አሽገው አይዝጉ፤ እርጥበት ካለበት እዚያው ይሻግታል።

እስከሚቀጥለው ወርም ይህን ይሞክሩ። ከካርቶኑ ውስጥ ሳይመርጡ አንድ እትም ያውጡ። ስልክዎን ሌላ ክፍል ያስቀምጡ። ለ30 ቀን ከዚያ እትም ውጪ ሌላ አዲስ ነገር አያጥኑ። አንዱን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ) ይጫወቱ። ያልወደዱትንም ትምህርት ይሞክሩ። ሲከብድዎት ብቻ ቪዲዮ ይክፈቱ፤ የተጫዋቹን እጅ አይተው ይዝጉት። ልጅዎም ጊታር የሚይዝ ከሆነ አንዱን ገጽ ለእሱ ይስጡት።

አንድ የሚያስቸኩል ነገር ቀርቷል። በ1980ዎቹ «ጊታር ፕሌየር» ውስጥ ስስ የፕላስቲክ ሸክላ ይታሸግ ነበር። በኋላ በሌሎች መጽሔቶች ሽፋን ላይ ሲዲ ይለጠፍ ጀመር። ለትምህርቱ ማጀቢያ የሚሆነው ሙዚቃ እዚያ ላይ ነው። ብዙ ሰው መጽሔቱን አስቀምጦ ሲዲውን ጥሏል። ካርቶኖችዎ ውስጥ ካሉ ዛሬ ነገ ሳይሉ ወደ ኮምፒውተር ይቅዷቸው። በእያንዳንዱ ፋይል ስም ላይ የእትሙን ወርና ዓመት ይጻፉ። ሙዚቃው ከገጹ ከተለያየ በኋላ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ለማወቅ በጣም ያስቸግራል።